ከደጅ የሚጀምር ቋንቋ፦ የታጋሎግ ንግግር ለጀማሪዎች



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ታጋሎግ ነው። ታጋሎግ በፊሊፒንስ የሚነገር ቋንቋ ነው። «ፊሊፒንስ ከእኛ በጣም ሩቅ አይደለችምን? ቋንቋዋ ለምን ያስፈልገናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በቤይሩት፣ በዱባይና በሪያድ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ብዙ እኅቶቻችን ከፊሊፒናውያት ጋር አንድ ማዕድ ቤት ይጋራሉ። በልማት ሥራ የተሰማሩ ወገኖችም ለሥልጠና ወደዚያች አገር ይሄዳሉ። ከማኒላ በስተደቡብ፣ በካቪቴ ክፍለ ሀገር፣ በሲላንግ ከተማ አንድ የታወቀ የገጠር ልማት ተቋም አለ። እርሱም በ1960 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የገጠር ተሐድሶ ተቋም ነው፤ በኢትዮጵያም ሠርቷል። የከተማይቱ ሰዎች የሚነጋገሩት በታጋሎግ ነው። (በዚህ ትምህርት ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ተቋም መሥራች ቻይናዊው ዶክተር ጄምስ የን ነበሩ። ሥራቸውን የጀመሩት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። በፈረንሳይ ለነበሩ የቻይና የጉልበት ሠራተኞች ማንበብና መጻፍ አስተማሩ። የቻይና ጽሕፈት ብዙ ሺህ ምልክቶች አሉት። እርሳቸው ግን ለዕለት ኑሮ የሚያስፈልጉትን 1,000 ያህል መርጠው ማስተማር ይበቃል አሉ። እኛም በዚህ ትምህርት ይህንኑ መንገድ እንከተላለን። ጥቂት ቃል እንመርጣለን፤ የመረጥነውን ግን በሚገባ እንማራለን።

የትምህርቱ ዓላማ፦ አንባቢው ይህን ትምህርት ሲጨርስ፣
ሀ. በአክብሮት ሰላምታ መስጠትና ወደ ቤት መግባት ይችላል፤
ለ. የቤተ ሰብን ችግር በአጭር ቃል ጠይቆ መልሱን ይረዳል፤
ሐ. የተነገረውን ብቻ ሳይሆን በይሉኝታ ያልተነገረውንም ማድመጥ ይጀምራል።

1. ቋንቋው የማን ነው?

ፊሊፒንስ ከ7,600 በላይ ደሴቶች ያሏት አገር ናት። በእነዚህም ከ100 በላይ ቋንቋዎች ይነገራሉ። ታጋሎግ የማኒላና በዙሪያዋ ያሉ የክፍላተ ሀገር ሰዎች ቋንቋ ነው። እነዚህም ካቪቴ፣ ላጉና፣ ባታንጋስ፣ ሪዛል፣ ኬሶን፣ ቡላካንና ሌሎችም ናቸው። በ1937 ታጋሎግ ለብሔራዊ ቋንቋ መሠረት እንዲሆን ተወሰነ። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት ብሔራዊውን ቋንቋ «ፊሊፒኖ» ብሎ ይጠራዋል። ስለዚህ በትምህርት ቤት ያለፈ ፊሊፒናዊ፣ የትውልድ ቋንቋው ሌላ ቢሆንም፣ ታጋሎግ ይሰማል።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። በኅዳር 8 ቀን 2013 በዚያ አገር «ዮላንዳ» የተባለው ታላቅ አውሎ ነፋስ የታክሎባንን ከተማ ሲያፈርስ፣ የከተማይቱ ሰዎች የሚያለቅሱበት ቋንቋ ዋራይ ነበር እንጂ ታጋሎግ አልነበረም። በሴቡ የሚነገረው ደግሞ ሴቡዋኖ ነው። ስለዚህ ወደ አንድ ቦታ ከመሄዳችን በፊት «እዚያ ያሉ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር በምን ቋንቋ ይነጋገራሉ?» ብለን እንጠይቅ። «ሳላማት»፣ ማለትም «አመሰግናለሁ» የሚለው ቃል ግን በታጋሎግም፣ በሴቡዋኖም፣ በዋራይም አንድ ነው። ይህ ቃል በጥንት ዘመን ከዐረብኛ በማላይ ሰዎች በኩል የመጣ ስለ ሆነ ከእኛ «ሰላም» ጋር ሥሩ አንድ ነው።

2. አፍን ማለማመድ

ታጋሎግ ለአማርኛ ተናጋሪ አፍ አይከብድም። ጥ፣ ቅ፣ ጭ፣ ጵ የሚባሉት ጠንካራ ድምፆች የሉበትም። ሦስት ነገሮችን ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ አናባቢዎቹ ሙሉ ናቸው። እኛ ብዙ ጊዜ ግዕዝንና ሳድስን እንጠቀማለን፤ ታጋሎግ ግን ራብዕን ይወዳል። «ማቡቲ» (ደኅና) የሚለውን ቃል «መቡቲ» ብንለው ጆሮአቸውን ያስቸግረዋል።

ሁለተኛ፣ በዚህ ጽሑፍ «ንግ» ብለን የምንጽፈው ድምፅ ለእነርሱ አንድ ድምፅ ነው። «እንግዳ» በሉና «ን» ላይ ስትደርሱ «ግ»ን ሳታወጡ ቁሙ፤ ድምፁ እርሱ ነው። በእነርሱ ቋንቋ በቃል መጀመሪያም ይመጣል፤ «ንጋዮን» (አሁን) እንደሚባለው።

ሦስተኛ፣ ድምፅ የሚጸናበት ቦታ ፍቺውን ይለውጠዋል። «ቡካስ» ሲባል መጀመሪያውን ካጸናን «ነገ» ማለት ነው፤ መጨረሻውን ካጸናን «ክፍት» ማለት ነው። እኛ የምንለብሰው «ጋቢ» በእነርሱ ዘንድ ሌላ ነገር ነው። መጨረሻው ሲጸና «ሌሊት»፣ መጀመሪያው ሲጸና «ጎደሬ» ይሆናል።

3. «ፖ»፦ አክብሮትን የሚሸከም ቃል

ታጋሎግ የሚማር ሰው ከሁሉ በፊት ሊይዘው የሚገባው ቃል «ፖ» ነው። ብቻውን ትርጉም የለውም። በአረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ግን ለአማርኛችን «እርስዎ»ና «አንቱ» የሚሆነውን ሥራ ይሠራል። ለሽማግሌ፣ ለማናውቀው ሰው፣ ለባለ ሥልጣን፣ ለእንግዳ «ፖ» ይባላል። ለሕፃንና ለእኩያ ጓደኛ አይባልም። በባታንጋስ አካባቢ «ፖ» በማለት ፋንታ «ሆ» ሲባል ትሰማላችሁ፤ ሥራው ግን ያው ነው።

«አዎ» ለእኩያ «ኦኦ» ነው፤ ለሚከበር ሰው ግን «ኦፖ» ይባላል። «አይደለም» «ሂንዲ» ነው፤ በአክብሮት «ሂንዲ ፖ» ይሆናል። «አንተ»ና «አንቺ» ሁለቱም «ኢካው» ናቸው፤ ወንድና ሴት አይለይም። «እርስዎ» ግን «ካዮ» ነው፤ ይህም «እናንተ» ማለት ነው። አንዱን ሰው በብዙ ቁጥር ማክበር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ጊዜ ይፈጅበታል፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን ከቤቱ ይዞት ይመጣል።

ሰውን በስሙ ብቻ መጥራትም ልማዳቸው አይደለም። ታላቅ ወንድም የሚሆን ሰው «ኩያ»፣ ታላቅ እኅት የምትሆን «አቴ» ይባላሉ። «አቴ» የእኛን «እቴ» ብትመስልም ግጥምጥም ነው እንጂ ዝምድና የላቸውም። እናት «ናናይ»፣ አባት «ታታይ»፣ አያቶች «ሎሎ»ና «ሎላ» ናቸው። ባይዛመዱንም እንኳ እንዲህ ብለን እንጠራቸዋለን፤ እኛም በመንደራችን «እማማ»ና «አባባ» እንደምንል ነው። ልጆች ሽማግሌ ሲያገኙ «ማኖ ፖ» ብለው እጁን ይዘው ግንባራቸውን ያስነካሉ። የእኛ ልጆች ጉልበት እንደሚስሙት ማለት ነው።

4. በደጅ የሚነገሩ ቃላት

በአገራችን ሰው ቤት ስንደርስ «ቤቶች!» ብለን እንጣራለን። ታጋሎግ ተናጋሪ ደግሞ በደጅ ቆሞ «ታኦ ፖ!» ይላል። «ታኦ» «ሰው» ማለት ነው፤ «ሰው መጥቷል» እንደ ማለት ነው። ከውስጥ «ሲኖ ፖ ሲላ?» የሚል ድምፅ ይመጣል። በቃሉ ብንተረጉመው «እነርሱ እነማን ናቸው?» ማለት ነው፤ አሳቡ ግን «ማን ልበል?» ነው። ከዚያ «ቱሎይ ፖ ካዮ» (ይግቡ)፣ «ማኡፖ ፖ ካዮ» (ይቀመጡ) ይባላል።

ሰላምታው እንደ ሰዓቱ ነው፦
ማጋንዳንግ ኡማጋ ፖ — እንደምን አደሩ
ማጋንዳንግ ታንግሃሊ ፖ — በቀትር ጊዜ የሚባል ሰላምታ
ማጋንዳንግ ሃፖን ፖ — እንደምን ዋሉ
ማጋንዳንግ ጋቢ ፖ — እንደምን አመሹ
ኩሙስታ ፖ ካዮ? — እንደምን ነዎት?
ማቡቲ ናማን ፖ — ደኅና ነኝ
ሳላማት ፖ — አመሰግናለሁ
ማራሚንግ ሳላማት ፖ — እጅግ አመሰግናለሁ
ዋላንግ አኑማን ፖ — ምንም አይደለም

«ኩሙስታ» ከስፓኝ ቋንቋ የተወሰደ ነው። ስፓኞች ከ1565 እስከ 1898 ያችን አገር ስለ ገዙ ብዙ ቃላት ትተዋል።

ራሳችንን ስናስተዋውቅ «አኮ ፖ ሲ» ብለን ስማችንን እንጨምራለን። «ታጋ-ኢትዮፕያ ፖ አኮ» ማለት «ከኢትዮጵያ ነኝ» ነው። «አኮ» «እኔ» ሲሆን፣ «ነኝ» የሚለው ቃል በታጋሎግ የለም፤ «መምህር እኔ» ማለት ይበቃል። በመንገድ ላይ «ሳአን ፖ ካዮ ፑፑንታ?» (ወዴት እየሄዱ ነው?) ሲሉን እንደ ምርመራ አንቁጠረው፤ ሰላምታ ነው። «ዲያን ላንግ ፖ» (እዚህ ድረስ ነው) ብሎ ማለፍ ይበቃል።

5. «እንብላ!»

በእኛ አገር በማዕድ ላይ ያለ ሰው ደራሹን «እንብላ!» ሳይለው አይጎርስም። በፊሊፒንስም እንዲሁ ነው። «ካይን ፖ ታዮ!» ይላሉ፤ ፍቺውም «እንብላ» ነው። የሚበላ ሰው «ሳላማት ፖ» ብሎ ይቀመጣል፤ የማይበላ «ቡሶግ ፓ ፖ አኮ» (ገና ጠግቤ ነኝ) ይላል። «ኩማይን ና ፖ ባ ካዮ?» (በልተዋል?) የሚለውም የሰላምታ ያህል የተለመደ ጥያቄ ነው። «ባ» ጥያቄ መሆኑን ያመለክታል።

ስለ ግስ አንድ ነገር እንማር። ሥሩ «ካይን» ነው። «ኩማይን» በላ፣ «ኩማካይን» እየበላ ነው፣ «ካካይን» ይበላል ማለት ነው። በመካከል «ኡም» ይገባል፤ ያላለቀ ሥራ ሲሆን የመጀመሪያው ድምፅ ይደገማል። የእኛም ግስ ውስጡ እየተለወጠ «በላ፣ ይበላል፣ ብሉ» ስለሚል ነገሩ አይደንቀንም። ለጀማሪ ይህ ብቻ ይበቃዋል።

የምግብ ቃላት በእርዳታ ሥራ ላይ ትልቅ ዋጋ አላቸው። በእንግሊዝኛ ሩዝ አንድ ቃል ነው። በታጋሎግ ግን ከእነ ገለባው ያለው «ፓላይ»፣ የተፈተገው ጥሬ «ቢጋስ»፣ የበሰለው «ካኒን» ነው። እኛ ጤፍን፣ ዱቄትንና እንጀራን እንደምንለይ ማለት ነው። ከሩዝ ጋር የሚበላው «ኡላም» ይባላል፤ የእኛን ወጥ ይመስላል።

በመስከረም 26 ቀን 2009 «ኦንዶይ» የተባለው ማዕበል በማኒላ አካባቢ በአንድ ቀን ከ400 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ አወረደ። ይህ አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ዝናብ ከሲሶ በላይ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ቤታቸውን ውኃ የወሰደባቸው ሰዎች በትምህርት ቤትና በስፖርት አዳራሽ ይጠለላሉ። ምድጃም ድስትም ለሌላት እናት «ቢጋስ» መስጠት ጤፍ ሰጥቶ ምጣድ እንደ መንፈግ ነው። የሚያስፈልጋት «ካኒን» ነው። ቤቷ ተመልሳ ምድጃዋን ስታቆም ግን «ቢጋስ» ይሻላታል። አንድ ቃል መለየት አንድ ቀን ጾም ከማደር ያድናል።

6. «አለ» እና «የለም»

አማርኛ «አለ»ና «የለም» እንደሚል ታጋሎግም «ማይሮኦን»ና «ዋላ» ይላል። ለሚከበር ሰው «ማይሮኦን ፖ»፣ «ዋላ ፖ» ነው። «ዋላ ፖ» የሚለውን ቃል ጆሮአችን ቶሎ ይልመደው፤ የችግረኛ ቤት ቃል ነውና። ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን በቃል እናጥና፦

አኖ ፖ አንግ ፓንጋላን ኒንዮ? — ስምዎ ማን ነው?
ሳአን ፖ ካዮ ናካቲራ? — የት ይኖራሉ?
ኢላን ፖ ካዮ ሳ ባሃይ? — በቤት ስንት ናችሁ?
ማይ ሳኪት ፖ ባ? — የታመመ አለ?
አኖ ፖ አንግ ካይላንጋን ኒንዮ? — የሚያስፈልግዎ ምንድን ነው?

ለመልሱ ደግሞ ቱቢግ (ውኃ)፣ ጋሞት (መድኃኒት)፣ ኩሞት (ብርድ ልብስ)፣ ባኒግ (ምንጣፍ ሰሌን) የሚሉትን እንወቅ። ቁጥሩም ይኸውላችሁ፦ ኢሳ፣ ዳላዋ፣ ታትሎ፣ አፓት፣ ሊማ፣ አኒም፣ ፒቶ፣ ዋሎ፣ ሲያም፣ ሳምፑ።

ስለ ሰዓት ማስጠንቀቂያ እንስጥ። ሰዓት የሚቆጥሩት በስፓኝ ቁጥር ነው፤ አቆጣጠሩም እንደ አውሮፓውያን ነው። «አላስ ኦትሶ ናንግ ኡማጋ» ቢባል በቃሉ ከጠዋቱ 8 ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይሆናል።

7. ሁለት ዓይነት «እኛ»

አማርኛ አንድ «እኛ» አለው፤ ታጋሎግ ሁለት አለው። «ታዮ» ሲባል የሚሰማውም ሰው አብሮ አለበት። «ካሚ» ሲባል የሚሰማው ሰው የለበትም። «ማይ ፑሎንግ ታዮ ቡካስ» ማለት «ነገ እኛ፣ እናንተም ጭምር፣ ስብሰባ አለን» ነው። «ማይ ፑሎንግ ካሚ ቡካስ» ሲባል ግን «እናንተን ሳይጨምር እኛ ስብሰባ አለን» ይሆናል። በአንድ ቃል ሰው ይጋበዛል፤ በአንድ ቃል ይወጣል።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ይህን ልብ ይበሉ። ጉድጓዱን የምንቆፍረው፣ ዘሩን የምንመርጠው «ታዮ» ነን ወይስ «ካሚ»? «ካሚ» ካልን ሕዝቡ ተመልካች ነው። «ታዮ» ካልን ደግሞ በሥራውም ይህን ማሳየት ይኖርብናል፤ ያለዚያ ቃሉ ሐሰት ይሆናል። በእርዳታ ሰልፍ ላይ እንኳ «ተሰለፉ!» ብሎ ከመጮኽ «ፑሚላ ፖ ታዮ» (እንሰለፍ) ማለት የተለመደ ነው።

ምእመናንም ከዚህ ይማራሉ። ወደ ማኅበሩ ዞሮ «እንጸልይ» የሚል ሰው «ማናላንጊን ታዮ» ይላል፤ ሁሉም አሉበትና። «አባታችን ሆይ» የተባለው ጸሎት ግን በታጋሎግ «አማ ናሚን» ይባላል። «ናሚን» ከ«ካሚ» ወገን ነው፤ ከሚጸልዩት መካከል እግዚአብሔር ራሱ አይቆጠርምና። አንድ ትንሽ ቃል ከማን ጋር፣ ወደ ማን እንደምንናገር እንድናስብ ታደርገናለች።

8. «ኦፖ» ሁልጊዜ «እሺ» ማለት አይደለም

እኛ «ይሉኝታ» የምንለውን ፊሊፒናውያን «ሂያ» ይሉታል። እኛ «ውለታ» የምንለውን ደግሞ «ኡታንግ ና ሎኦብ» ይሉታል፤ በቃሉ «የውስጥ ዕዳ» ማለት ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች የማያውቅ እንግዳ ሰውን ሳያውቅ ያስጨንቃል። «ተስማምታችኋል?» ቢል «ኦፖ» ይሉታል፤ ሰምተናል ማለታቸው ይሆናል እንጂ ተስማምተናል ማለታቸው ላይሆን ይችላል። «ደኅና ናችሁ?» ቢል «ኦኬ ላንግ ፖ» ይሉታል። ልጅ ታምሞ፣ ቢጋስ አልቆ ሳለ እንኳ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይነግሩት ይችላሉ።

ታዲያ ምን እናድርግ? አዎ ወይም አይደለም የሚያሰኝ ጥያቄ እንቀንስ። «አኖ ፖ ሳ ፓላጋይ ኒንዮ?» (እርስዎ ምን ይመስልዎታል?) ብለን እንጠይቅና ዝም እንበል። መልስ እስኪመጣ እንታገሥ። በእኛም አገር እንግዳ «በቃኝ» ሲል አንድ ጊዜ ሰምተን አንተውም፤ «በሞቴ» እንላለን። እንዲሁ ሁለተኛ እንጠይቅ፤ ቢቻል ከሕዝቡ ፊት ገለል አድርገን እንጠይቅ። በጥር 12 ቀን 2020 በባታንጋስ የታኣል እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ብዙ ሺህ ሰዎች ከቤታቸው ወጥተዋል። እንዲህ ባለ መጠለያ ድምፁ የሚሰማ ሰው ቶሎ ይታያል። በጥግ ተቀምጣ «ኦኬ ላንግ ፖ» የምትለው አያት ግን ሳትጠየቅ ልትቀር ትችላለች። ቋንቋ የምንማረው ለእርስዋ ነው።

9. በመንገድና በገበያ

ጂፕኒ በተባለው የሕዝብ መኪና ላይ ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ለሾፌሩ ይደርሳል። የሚከፍለው ሰው «ባያድ ፖ» ይላል። የእኛ ተሳፋሪ «ወራጅ አለ!» እንደሚል እነርሱ «ፓራ ፖ!» ይላሉ። በሰዎች መካከል ስናልፍ «ማኪኪራአን ፖ» (አሳልፉኝ) እንላለን፤ ጎንበስ ማለትም ይገባል።

በገበያ «ማግካኖ ፖ?» (ስንት ነው?) እንላለን። «ታዋድ» ማለት የዋጋ ቅናሽ ነው። ይህ ቃል ደግሞ «ምሕረት» ማለትም ነው፤ «ፓታዋድ ፖ» «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ይሆናል። ለማኝ ሲጠይቀን የምንሰጠው ከሌለን ይህንኑ «ፓታዋድ ፖ» እንላለን፤ እኛ «እግዜር ይስጥልኝ» እንደምንለው ነው። ፊትን አዙሮ ከማለፍ ይህ ይሻላል።

10. እንዴት እንማር?

ሀ. በቀን 5 ቃል ብቻ እንያዝ፤ ነገር ግን በዚያው ቀን ለሰው እንናገራቸው። ያልተነገረ ቃል ቶሎ ይረሳል።
ለ. «አኖ ፖ አንግ ታዋግ ዲቶ ሳ ታጋሎግ?» (ይህ በታጋሎግ ምን ይባላል?) የሚለውን አስቀድመን እናጥና። ይህ አንድ ጥያቄ የማዕድ ቤቱን ዕቃ ሁሉ ያስተምረናል። ባልንጀራዬ ብለን የምንጠራት ሠራተኛም መምህራችን ትሆናለች።
ሐ. «ናግ-አአራል ፓ ላንግ ፖ አኮ ናንግ ታጋሎግ» (ታጋሎግ ገና እየተማርሁ ነኝ) ማለት አያሳፍርም። «ዳሃን-ዳሃን ላንግ ፖ» (ቀስ ይበሉልኝ)፣ «ፓኪኡሊት ፖ» (ይድገሙልኝ)፣ «ሂንዲ ኮ ፖ ናኢኢንቲንዲሃን» (አልገባኝም) እንበል። ሳይገባን «ኦፖ» ማለት ሥራን ያበላሻል።
መ. ሲስቁብን አብረን እንሳቅ።

ከዚህ በታች ያለውን ንግግር ሁለት ሁለት ሆናችሁ አንብቡ። እንግዳይቱ ሣራ ትባላለች፤ የቤቱ እናት ናናይ ናቸው።

ሣራ፦ ታኦ ፖ! (ቤቶች!)
ናናይ፦ ሲኖ ፖ ሲላ? (ማን ልበል?)
ሣራ፦ ማጋንዳንግ ሃፖን ፖ። አኮ ፖ ሲ ሣራ። ታጋ-ኢትዮፕያ ፖ አኮ። (እንደምን ዋሉ። ሣራ ነኝ። ከኢትዮጵያ ነኝ።)
ናናይ፦ ቱሎይ ፖ ካዮ። ካይን ፖ ታዮ። (ይግቡ። እንብላ።)
ሣራ፦ ሳላማት ፖ፣ ቡሶግ ፓ ፖ አኮ። ኢላን ፖ ካዮ ሳ ባሃይ? (አመሰግናለሁ፣ ጠግቤ ነኝ። በቤት ስንት ናችሁ?)
ናናይ፦ አኒም ፖ ካሚ። (ስድስት ነን።)
ሣራ፦ ማይ ሳኪት ፖ ባ? (የታመመ አለ?)
ናናይ፦ ዋላ ፖ። ፔሮ ዋላ ፖ ካሚንግ ቢጋስ። (የለም። ነገር ግን ሩዝ የለንም።)
ሣራ፦ ሲጌ ፖ። ባባሊክ ፖ አኮ ቡካስ። (እሺ። ነገ ተመልሼ እመጣለሁ።)
ናናይ፦ ኢንጋት ፖ ካዮ። (በደኅና ይግቡ።)

ናናይ ሩዝ ሳይኖራቸው «እንብላ» ማለታቸውን አስተውሉ። «ባባሊክ ፖ አኮ» የሚለውን ቃል ደግሞ በጥንቃቄ ያዙት። ነገ የማንመለስ ከሆነ አንናገረው። የቀን ስም የሰማች እናት ቀኑን ትቆጥራለችና።

የጥናት ጥያቄዎች

1. በመንደራችሁ ለማን «እርስዎ»፣ ለማን «አንተ» ይባላል? «ፖ» ከዚህ ጋር በምን ይመሳሰላል?
2. በማኅበራችሁ ወይም በፕሮጀክታችሁ «እኛ» ስትሉ «ታዮ» ማለታችሁ ነው ወይስ «ካሚ»? አንድ የቅርብ ጊዜ ውሳኔ አንሥታችሁ ተወያዩ።
3. በይሉኝታ ምክንያት ችግሩን የማይናገር ሰው በአካባቢያችሁ አለን? እንዴት ብትጠይቁት ይናገራል?
4. ከቤይሩት ወይም ከገልፍ አገሮች የተመለሰች እኅት ካለች ከፊሊፒናውያት ምን ቃል እንደ ተማረች ጠይቋትና ለማኅበሩ ታስተምር።

ለሳምንቱ ሥራ፦ የሰላምታውን ቃላት፣ ቁጥሩን እስከ ሳምፑ እና የክፍል 6ን አምስት ጥያቄዎች በቃል አጥኑ። ስትለማመዱ «ፖ»ን በአንዱም ላይ አትርሱ።

ኢንጋት ፖ ካዮ።